ከስሙ አጠገብ ማብራሪያ ይጻፍ
ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ ለካታሎግ ባለሙያዎችና የካታሎግ ሥርዓቶችን ለሚያስተዳድሩ ሁሉ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በደራስያን የስም መዝገብ ላይ ገላጭ ማስታወሻ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ መጻሕፍትን በመመዝገብ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ ባለሙያ ነኝ፤ የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው። የአንድን ደራሲ ስም በመዝገብ ስታሰፍሩ፣ ወይም ሌላ ሰው ያሰፈረውን ስታርሙ፣ ያ ደራሲ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር መምታታት እንደሌለበትና ይህን ከየት እንዳወቃችሁ የሚናገር አጭር ማስታወሻ በዚያው መዝገብ ላይ ጻፉ። ልመናው ቀላል ይመስላል። በየቤተ መጻሕፍቱ ግን በመጀመሪያ የሚዘለለው ሥራ ይኸው ነው፤ ሲዘለል የሚያደርሰው ጉዳትም ወዲያው ስለማይታይ ተጠያቂ ሳይኖረው ዓመታት ይቆያል።

ከሙያው ውጪ ላሉ አንባብያን ጥቂት ላብራራ። ማንኛውም ካታሎግ ከመጻሕፍቱ ዝርዝር ጀርባ የስሞች ዝርዝር አለው። በሙያው ‹ኦቶሪቲ ሪከርድ› እየተባለ የሚጠራውና በዚህ ደብዳቤ ‹የስም መዝገብ› የምለው ሰነድ፣ አንድ ደራሲ በካታሎጉ ውስጥ በየትኛው አጻጻፍ እንደሚጠራ ይወስናል፤ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ወደዚያ ይመራል፤ የሰውየውን መጻሕፍትም በአንድ ስም ሥር ይሰበስባል። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቻርልስ አሚ ከተር እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የካታሎግ ደንብ ላይ እንዳሰፈረው፣ የካታሎግ ተግባር አንባቢው ደራሲውን የሚያውቀውን መጽሐፍ እንዲያገኝ መርዳት ብቻ ሳይሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ የዚያ ደራሲ ምን ምን ሥራዎች እንዳሉት ማሳየትም ጭምር ነው። ሁለተኛው ተግባር የሚፈጸመው የአንድ ሰው መጻሕፍት በአንድነት ሲገኙ፣ የሌላ ሰው መጻሕፍት ደግሞ በመካከላቸው ሳይገቡ ሲቀሩ ነው። ይህን የሚጠብቀው የስም መዝገቡ ነው፤ የስም መዝገቡን የሚጠብቀው ደግሞ እኔ ስለእሱ የምጽፍላችሁ ማስታወሻ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በራሴ እጅ በተሠራ ስሕተት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቤተ መጻሕፍት የአንድ ሰዋስው መማሪያ መጽሐፍ ደራሲ በስም መዝገብ ተመዝግቦ ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ የልደት ዓመት፣ ሙያ፣ የመጽሐፉ ርእስ እንኳ አልተጻፈበትም። በኋላ ሁለት የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች መጡ፤ ደራሲያቸው በስምም በአባት ስምም ከሰዋስው ጸሐፊው ጋር አንድ ነበር። ስሙን ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ መጻሕፍቱን ከዚያው መዝገብ ጋር አያያዝኳቸው። የሚለያቸው ነገር በመዝገቡ ላይ ስላልነበረ የሚያጠራጥረኝ ነገርም አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጋዜጣ ላይ የአንድ መምህር ዜና ዕረፍት አነበብኩ፤ ስሙ ያው ስም ነበረና የልደትና የሞት ዓመቱን በመዝገቡ ላይ ጨመርኩ። የትኛው ጋዜጣ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደወጣ ግን አልጻፍኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ወደ ማመሳከሪያ ጠረጴዛችን መጥተው የራሳቸውን መጽሐፍ ፈለጉ። የልብ ወለዶቹ ደራሲ እሳቸው ነበሩ። በስክሪኑ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ፣ ከሰረዙ በስተቀኝ፣ የሞቱበት ዓመት ተጽፎ አዩት። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አድርገው እንደገና አነበቡት፤ ከዚያ ዝግ ብለው ‹‹ይህን የጻፈው ማን ነው?›› አሉኝ። እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

ስሕተቱን ለማረም ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመኝ። የሞተው ማን ነው? የሰዋስው መጽሐፉ ደራሲ ነው ወይስ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ሰው? ዜና ዕረፍቱን የት እንዳነበብኩት ስላልጻፍኩ የጋዜጣ ጥራዞችን አውጥቼ አንድ በአንድ ማገላበጥ ነበረብኝ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፤ ሟቹ የሰዋስው መማሪያ መጽሐፍ እንዳሳተሙ በዜናው ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ያን ቀን ስለ ምንጩ አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን አልፈልግም ነበር። ከዚያም በፊት መዝገቡን የከፈተው ባልደረባዬ ‹የሰዋስው መማሪያ ደራሲ› የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ ትቶልኝ ቢሆን ልብ ወለዶቹን ሳላያይዝ ቆም ብዬ እጠይቅ ነበር።

ይህ የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ሰው ችግር ብቻ እንዳልሆነ የሙያው ታሪክ ራሱ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሁለተኛው የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ደንብ ሥር፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ደራስያን የሚለይ ዓመትም ሆነ ሌላ መረጃ ሲጠፋ ሁሉንም በአንድ መዝገብ ላይ ማኖር ይፈቀድ ነበር። የካታሎግ መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች ተከፋፍሎ በኮምፒውተር በሚጻፍበት በማርክ 21 ቅርጽ፣ እንዲህ ያለው መዝገብ በ008 መስክ 32ኛ ቦታ ላይ ‹ቢ› የሚል ምልክት ይደረግበታል። አንድ ኬሚስት፣ አንድ ገጣሚና አንድ የሕግ ባለሙያ በአንድ ስም ሥር ታሽገው የሚኖሩባቸው መዝገቦች በዚህ መንገድ ተፈጠሩ። ከእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ያለውን ሰው ለይቶ ማውጣት የተቻለው፣ አስቀድሞ የሠራው ባለሙያ በየምንጩ ማስታወሻ ፊት ‹የእንዲህ ያለው መጽሐፍ ደራሲ› ብሎ ሲከፋፍለው ነው። እንዲህ የተከፋፈለውን መዝገብ በኋላ የመጣ ሰው ሊፈታው ይችላል፤ ያልተከፋፈለውን ግን ለመፍታት መጻሕፍቱን እንደገና ከመደርደሪያ ማውረድ ግድ ይሆናል። ስሞችን በጋራ የሚመዘግቡ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ይህን አሠራር ትተዋል፤ አንድን ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ሲያወጡም ቀድሞ የት እንደነበረ የሚገልጽ ማስታወሻ በአዲሱ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። እኔ የምለምነው ይኸው ልማድ በሁሉም ዘንድ እንዲደርስ ነው።

ስም ብቻውን ሰውን ለመለየት እንደማይበቃ የሚያሳይ፣ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊንስተን ቸርችል የሚባሉ ሁለት ጸሐፊዎች ነበሩ። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1947 የኖረው አሜሪካዊ የልብ ወለድ ደራሲ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1874 ተወልዶ በ1965 የሞተው፣ በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰው ነው። እንግሊዛዊው ራሱ አንድ ልብ ወለድ ጽፏልና ‹ልብ ወለዱን የጻፈው ደራሲው ነው፣ የታሪክ መጽሐፉ የፖለቲከኛው ነው› ብሎ በርእስ ብቻ መለየት አይቻልም። እንግሊዛዊው ይህን ተረድቶ በ1899 ለአሜሪካዊው ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከእንግዲህ በሚያሳትማቸው ሥራዎች ላይ ስፔንሰር የሚለውን ስም እንደሚጨምር ገለጸለት፤ አሜሪካዊውም ተስማማ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ተጻጽፈው ልዩነታቸውን አበጁ። አብዛኞቹ ደራስያን ግን ስመ ሞክሼያቸው መኖሩን እንኳ አያውቁም፤ ልዩነቱን የሚያበጅላቸው ካታሎግ የሚሠራው ሰው ብቻ ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ስም ሲጽፉም ችግሩ ያው ነው። አሌክሳንድር ዱማ የሚባሉት ፈረንሳውያን አባትና ልጅ ሁለቱም ልብ ወለድና ተውኔት ጽፈዋል፤ አባትየው እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1870፣ ልጁ ከ1824 እስከ 1895 ኖረዋል። ልጁ በሚጽፍበት ዘመን አባቱም ይጽፍ ስለነበር የኅትመቱ ዓመት ብቻውን ሁልጊዜ አይለያቸውም። እነዚህ ታዋቂዎች ስለሆኑ መዝገባቸው በሚገባ ተሠርቷል። ስለ አንድ የጤና መመሪያና ስለ አንድ የመዝሙር መድበል ደራሲ ማን ይከራከራል? ማስታወሻው ይበልጥ የሚያስፈልገው ማንም ለማይከራከርላቸው ነው።

አሁን ወደ ሥራው ዝርዝር ልግባ፤ ምክንያቱም ‹ማስታወሻ ጻፉ› ማለት ብቻውን ምንም አያደርግምና። የማርክ 21 የስም መዝገብ ለማስታወሻ የተለዩ ቦታዎች አሉት። 670 ቁጥር ያለው መስክ መረጃው የተገኘበትን ምንጭና በዚያ የተገኘውን ነገር ይይዛል። 675 የሚባለው ደግሞ ታይቶ ምንም ያልተገኘበትን ምንጭ ይመዘግባል፤ ይህ ብዙዎቻችን የምንንቀው ቢሆንም እኔ በጣም የማከብረው መስክ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው የደከምንበትን መንገድ ዳግመኛ እንዳይሄድበት ያደርጋልና። 667 ለባለሙያዎች ብቻ የሚታይ የውስጥ ማስታወሻ ሲሆን፣ ‹ይህ ሰው ከእገሌ ጋር አንድ አይደለም› የሚባለው እዚያ ነው። 678 ግን ለአንባቢው እንዲታይ ታስቦ የሚጻፍ አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። ሙያን፣ የሥራ መስክን፣ ቦታንና የሚጽፍበትን ቋንቋ በተለያዩ መስኮች ማስፈር እንደሚቻልም አውቃለሁ፤ ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን የተነጣጠሉ ቃላት ስለሆኑ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት አይናገሩም፤ ግንኙነቱን የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው።

ዐረፍተ ነገሩም ሁሉ እኩል አይደለም። ‹‹ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ደራሲ ስላለ ጥንቃቄ ይደረግ›› የሚል ማስታወሻ በብዙ መዝገቦች ላይ አግኝቻለሁ። ጻፊው መልካም አስቦ ነው። ሆኖም ይህን ያነበበ ሰው ከመጨነቅ በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ሌላው ደራሲ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጻፈ፣ በምን እንደሚለይ አልተነገረውም። በእኔ ስሕተት የተቀላቀሉትን ሁለት ሰዎች ስለይ የጻፍኩት ማስታወሻ እንዲህ ይነበባል፦ ‹‹የሰዋስው መማሪያ መጽሐፍ ደራሲ፤ መምህር። በተመሳሳይ ስም አጫጭር ልብ ወለዶች ካሳተሙት ደራሲ የተለዩ ናቸው። ልዩነቱ በጋዜጣ ከወጣው ዜና ዕረፍትና የልብ ወለዶቹ ደራሲ ራሳቸው ከሰጡት ቃል ተረጋግጧል።›› ከሥሩ የጋዜጣው ስምና ቀን፣ ቃሉ የተሰጠበት ቀንና የሌላኛው መዝገብ ቁጥር አለ። በሌላኛውም መዝገብ ላይ ይኸው ማስታወሻ በተገላቢጦሽ ተጽፏል። በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ የመለያ ማስታወሻ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን መዝገብ አስቀድሞ ያገኘ ሰው አያየውምና።

ምንጮች ሲጋጩ ደግሞ ግጭቱን መዝግቡት እንጂ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትሰውሩ። የመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን አንድ የልደት ዓመት፣ መቅድሙ ሌላ ዓመት ሊናገር ይችላል። ‹‹በጀርባው ሽፋን እንዲህ፣ በመቅድሙ እንዲህ ይላል፤ የመቅድሙ የተመረጠው ደራሲው ራሱ ስለጻፈው ነው›› የሚል ማስታወሻ ነገ ሦስተኛ ምንጭ ለሚያገኝ ሰው መንገድ ይጠርግለታል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትንም ‹ሳይሆን አይቀርም› ብላችሁ ጻፉ። በመዝገብ ላይ በግልጽ የተጻፈ ጥርጣሬ ማንንም አሳስቶ አያውቅም፤ የሚያሳስተው እርግጠኛ መስሎ የተቀመጠ ግምት ነው።

ስለ ዓመት ካነሣሁ አይቀር የዘመን አቆጣጠር ነገር ልዩ ማሳሰቢያ ይገባዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1950 ዓ.ም. ተወለደ የተባለ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተወለደው በ1957 ወይም በ1958 ነው፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሚሆን፣ ወሩ ካልታወቀ ትክክለኛው ዓመትም በእርግጠኝነት አይታወቅም። የሂጅራ አቆጣጠርም የጨረቃን ዓመት ስለሚከተል በቀላል መቀነስ አይለወጥም። አንዱ ባለሙያ ከመጽሐፉ ያገኘውን ዓመት እንዳለ ያስቀምጣል፤ ሌላው ቀይሮ ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው የተቀየረውን እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዳግመኛ ይቀይረዋል። አንድ ሰው በሦስት የልደት ዓመት ሦስት ሰው የሚሆነው እንዲህ ነው። ‹‹ዓመቱ ከመጽሐፉ የተወሰደ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አልተለወጠም›› የሚል ማስታወሻ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የስም አወቃቀርም እንዲሁ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሃንጋሪ ቋንቋ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም፣ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1945 የኖረው የሙዚቃ ሊቅ በአገሩ ባርቶክ ቤላ፣ በሌላው ዓለም ቤላ ባርቶክ ተብሎ ይጻፋል። በአይስላንድና በኢትዮጵያ ደግሞ የሁለተኛው ስም ቦታ በአብዛኛው የቤተሰብ ስም ሳይሆን ከአባት ስም የመጣ ነው፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ የአባትን ስም አስቀድሞ ሲመዘግብ ደራሲውን በአባቱ ስም ያስጠራዋል። የፊደልም ነገር አለ። በግእዝ ፊደል ‹ሀ› ለሚለው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ስላሉ፣ ኃይሉ የሚለው ስም ብቻውን በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ረጅም ዝርዝር ይፈጠራል። ልዩ ልዩ አጻጻፎቹን በ400 መስክ ማመሳከሪያ ማድረግ ተገቢ ነው። ግን የትኛው አጻጻፍ ደራሲው ራሱ በመጽሐፉ ላይ የተጠቀመበት፣ የትኛውስ ባለሙያው በደንብ መሠረት የገለበጠው እንደሆነ የሚታወቀው በማስታወሻ ብቻ ነው። ደራሲው የመረጠውን ፊደል ማክበር ከጥንቃቄም አልፎ የአክብሮት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመሥሪያ ቤቶችን ስም በተመለከተ ብዙ አልልም። መሥሪያ ቤት ሲከፈል፣ ሲዋሐድና ስሙን ሲለውጥ፣ የትኛው የትኛውን እንደተካና በየትኛው ዓመት እንደሆነ መጻፍ በአብዛኛው ይደረጋል፤ የጎደለው ለሰዎች ስም ያን ያህል ትጋት አለማሳየታችን ነው።

‹ዛሬ መለያ ቁጥር አለ፤ ማስታወሻ ምን ያደርጋል?› የሚሉ ባልደረቦች አሉኝና ለእነሱም በቅንነት ልመልስ። አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው ዓለም አቀፉ የስም መለያ፣ ኢስኒ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል፤ ለተመራማሪዎች የተዘጋጀው ኦርኪድም በዚያው ዓመት ሥራ ጀምሯል፤ ቪያፍ ደግሞ የብዙ አገሮችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የስም መዝገቦች አያይዞ ያሳያል። ሁሉንም እጠቀምባቸዋለሁ፣ ጠቀሜታቸውንም አልክድም። ነገር ግን ቁጥር ሁለት ሰዎች የተለያዩ እንደሆኑ ሊናገር ይችላል እንጂ በምን እንደሚለያዩ አይናገርም። አዲስ መጽሐፍ በእጁ የያዘ ባለሙያ ሁለት ቁጥሮች ፊት ቢቀርቡለት የትኛው የዚህ መጽሐፍ ደራሲ እንደሆነ የሚወስነው ከቁጥሩ ጀርባ የተጻፈውን አንብቦ ነው። ቪያፍም ቢሆን መዝገቦችን የሚያገናኘው ዓመታትን፣ ርእሶችንና ሌሎች መረጃዎችን በኮምፒውተር እያነጻጸረ ነው፤ እኛ ባዶ መዝገብ ከላክን የሚያነጻጽረው ነገር አያገኝም፤ የተምታታ ከላክን ደግሞ ያው የተምታታው ወደየአገሩ ይሰራጫል።

ስለ ጊዜ የሚነሣው ቅሬታ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ እውነት ስለሆነ። ባለሙያው በቀን ስንት መጽሐፍ እንደመዘገበ ይቆጠርበታል፤ የጻፈው ማስታወሻ ግን አይቆጠርለትም። ስለዚህ ልመናዬን በተለይ ለኃላፊዎች አቀርባለሁ። የስም መዝገብን ማስተካከልና ማብራራት እንደ ሥራ ይቆጠር፤ በሥራ ዘገባ ላይ የራሱ ቦታ ይሰጠው። መጽሐፉ በእጅ እያለ ማስታወሻ መጻፍ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የጀርባው ሽፋን፣ መቅድሙ፣ ምስጋናው ሁሉ ፊት ለፊት ነውና። መጽሐፉ ወደ መደርደሪያ ከሄደ በኋላ፣ ወይም ጠፍቶ ከሆነ፣ ያው ሥራ ቀናት ይፈጃል። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሥርዓቶቹን ለምታስተዳድሩ ባለሙያዎች ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ በ678 መስክ የሚጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ በአንባቢው ስክሪን ላይ ከደራሲው ስም ጋር እንዲታይ አድርጉ። ለአንባቢ ተብሎ የተጻፈ ነገር ከአንባቢ ተሰውሮ ሲቀመጥ የጻፈው ሰው መጻፉን ይተዋል፤ ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ ካታሎጉን ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ስታዛውሩ ማስታወሻዎቹ አብረው መሄዳቸውን ከማዛወሩ በፊት ናሙና ወስዳችሁ አረጋግጡ። ስሞቹ በሙሉ በሰላም ደርሰው ማስታወሻዎቹ በመንገድ ከቀሩ ልዩነቱ ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ባለሙያ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ሰዎችን ምክንያቱን ባለማየቱ መልሶ ሲያዋሕዳቸው ነው።

ይህን ሁሉ ስጠይቅ ስለ ሰዎች የምናውቀውን ሁሉ እንጻፍ ማለቴ አይደለም። ማስታወሻው የሚያስፈልገው ለመለየት ነው፤ ለመለየት የማይረዳ ነገር፣ በተለይም ስለ ሕያው ሰው፣ ቦታ የለውም። የመኖሪያ አድራሻ፣ የጤና ሁኔታ፣ የቤተሰብ ጉዳይ በመዝገብ ላይ መስፈር የለባቸውም። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው እውነተኛ ስሙን ለሕዝብ ካልገለጸ፣ እኛ በሥራችን አጋጣሚ ያወቅነውን ስም ከብዕር ስሙ ጋር ማያያዝ አይገባንም። በስም መዝገብ ሥራ የሚተባበሩት ቤተ መጻሕፍት የደራስያንን ጾታ ለይቶ መመዝገብ እንዲቀር እ.ኤ.አ. በ2022 የቀረበውን ምክር የተቀበሉትም በዚሁ ዓይነት አሳብ ነው። ደራሲው ራሱ በመጽሐፉ ላይ ያተመው ነገር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃም በአሳታሚው በኩል ደራሲውን መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ የጠየቅኳቸው ደራስያን አብዛኞቹ ስለተጠየቁ ደስ ብሏቸው ነው የመለሱልኝ።

በመጨረሻ ወደ እነዚያ አዛውንት ልመለስ፤ ጉዳዩ ገና አላለቀምና። ስሕተቱ በእኛ ካታሎግ ላይ በታረመበት ጊዜ መዝገቡን ሁለት ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ገልብጠውት ነበር። ለሁለቱም ጻፍኩ። አንዱ በሳምንቱ አረመ። ሁለተኛው ግን የሞት ዓመቱ ትክክል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ እንደሌለ ገልጾ እንዳለ ተወው፤ በዚያን ጊዜ ከእኔ የደረሰው መዝገብ ምንም ማስታወሻ ስላልነበረበት በመልሱ አላማርርም። የዚያን ቤተ መጻሕፍት ስም እዚህ አልጠራም። ይህን ደብዳቤ ግን እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን የሁለቱም ደራስያን መዝገብ ተለይቷል፤ የጋዜጣው ቀን፣ የመጻሕፍቱ ርእሶችና አዛውንቱ በሰጡት ቃል ላይ የተመሠረተው ማስታወሻ በሁለቱም ላይ ሰፍሯል። እባካችሁ አዲሱን መዝገብ ውሰዱና ከልብ ወለዶቹ ደራሲ ስም ጎን ያለውን የሞት ዓመት አንሡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የካታሎግ ባለሙያ